ቀይ ምልክት በዘበኛው ቤት ላይ

የማህፀን በር ካንሰር ቫይረስ የሕዋሳችንን አፍራሽ በእኛው ላይ የሚያዘምተው እንዴት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ለፈረሳ የታጨ ቤት በምን እንደሚታወቅ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። አንድ ቀን ሰዎች ቀለምና ብሩሽ ይዘው ይመጣሉ፣ በአጥሩ ወይም በበሩ ላይ ቀይ ምልክት አድርገው ይሄዳሉ። ምልክት አድራጊው ሌላ፣ አፍራሹ ሌላ ነው። አፍራሹ በመጣ ጊዜ ‹‹ይህ ቤት ለምን ይፈርሳል?›› ብሎ አይመራመርም። ቀዩን ምልክት ያያል፣ ሥራውን ይጀምራል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ከተማ ልጽፍ አስቤ አይደለም። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥም ከዚህ የሚመሳሰል አሠራር ስላለ ነው። ሕዋሱ መወገድ ያለበትን ፕሮቲን ይመርጣል፣ ምልክት ያደርግበታል፣ አፍራሹም ምልክቱን አይቶ ያፈርሰዋል። ሥርዓቱ በትክክል ሲሠራ ጤና ነው። ምልክቱ ያለ ቦታው ሲደረግ ግን መዘዝ ያመጣል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር አንዱ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቫይረስ ምልክት አድራጊውን አታልሎ የሕዋሱን ዘበኛ ያስፈርሳል። ታሪኩን ከሥሩ የማጫውታችሁ፣ በየቤታችሁ ክትባቱ የሚመለከታት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ልትኖር ስለምትችል ነው።

መገንባት ብቻውን ኑሮ አይሆንም

ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሽሮና ምስር ነው። ሰውነት ግን የበላነውን ፕሮቲን እንዳለ አይጠቀምበትም። መጀመሪያ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉት ትንንሽ ፍሬዎቹ ይፈታዋል። ከዚያም ጨሌ በክር እንደሚሰካ ሁሉ ፍሬዎቹን በራሱ ንድፍ እንደገና ይሰካቸዋል። በዚህ መንገድ የሚሠሩት ፕሮቲኖች የሕዋሱ ሠራተኞች ናቸው። ኦክስጅን የሚሸከም አለ፣ መልእክት የሚያደርስ አለ፣ የተጎዳውን የሚጠግን አለ፣ በር የሚጠብቅም አለ።

ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ሕዋሱ በሚኖርባቸው 120 ያህል ቀናት አብሮት ይቆያል። ሌሎች ደግሞ ተሠርተው በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈርሱ ናቸው። ይህ ብክነት ይመስላል፣ ግን አይደለም። ለሠርግ የተተከለ ድንኳን ሠርጉ ካለፈ በኋላ ካልተነሳ መንገድ ይዘጋል። ሕዋስም ለሁለት ሲከፈል ለዚያው ሥራ ብቻ የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች አሉ። ሥራው ሲያልቅ በጊዜው ካልተነሱ የክፍፍሉ ሥርዓት ይዛባል። ተበላሽተው የተሠሩ፣ ቅርጻቸው የተጣመመ ፕሮቲኖችም መወገድ አለባቸው።

ድሮ ሊቃውንቱ የአዋቂ ሰው ሰውነት አንዴ ከተሠራ እንደ ድንጋይ ቤት ጸንቶ ይቆያል፣ ምግብ የሚያስፈልገውም እንደ ማገዶ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሩዶልፍ ሾንሃይመር ይህን አመለካከት ለወጠው። ዱካው ሊታወቅ የሚችል ናይትሮጅን ያለበት አሚኖ አሲድ ለአይጦች መገበ። ናይትሮጅኑ በሽንት ብቻ አልወጣም። ብዙው የአይጦቹ ገላ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሰውነት በየቀኑ ሲፈርስና ሲሠራ የሚኖር ቤት መሆኑ በዚህ ታወቀ። የቀረው ጥያቄ፣ የሚፈርሰውን የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ነበር።

ለማፍረስ ለምን ይከፈላል?

በ1950ዎቹ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ታየ። ሆዳችን ውስጥ ምግብ ሲፈጭ ሕዋሱ ለመቁረጡ ጉልበት አያወጣም። ሕዋስ የራሱን ፕሮቲን ሲያፈርስ ግን ጉልበት ይከፍላል። ቤት ለመሥራት ወጪ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ለማፍረስ ምን ያስከፍላል?

መልሱን ያገኙት ሦስት ሰዎች ናቸው። አቭራም ሄርሽኮና ተማሪያቸው የነበሩት አሮን ቼሃኖቨር በእስራኤል ሃይፋ ከተማ በቴክኒዮን ተቋም ይሠሩ ነበር። ሦስተኛው ኧርዊን ሮዝ በአሜሪካ ፊላደልፊያ በሚገኘው የፎክስ ቼዝ የካንሰር ማዕከል ነበሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያልበሰሉ የጥንቸል ቀይ የደም ሕዋሳትን እየፈጩ፣ ፈሳሹን እየከፋፈሉ፣ የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ ለዩ። በዚህ ሥራ መካከል አንዲት ትንሽ ፕሮቲን በሚፈርሱት ፕሮቲኖች ላይ ተጣብቃ አገኟት። ጉልበቱ የሚወጣበት ነገርም ተገለጠ። ሕዋሱ የሚከፍለው ለማፍረሱ ብቻ ሳይሆን ለመምረጡም ነው። ሳይመርጥ የሚያፈርስ ቤቱን ሁሉ ያጠፋልና። ሦስቱም በዚህ ግኝት እ.ኤ.አ. የ2004ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ትንሿ ፕሮቲን ዩቢክዊቲን ትባላለች። ስሟ በላቲን ‹‹በሁሉም ቦታ›› ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ በሰውም፣ በከብትም፣ በጤፍም፣ በዳቦ እርሾም ውስጥ አለች። የተሠራችው ከ76 አሚኖ አሲዶች ነው። በሰው ውስጥ ያለችው በዳቦ እርሾ ውስጥ ካለችው የምትለየው በ3ቱ ብቻ ነው። ያን ያህል ዘመን ሳትለወጥ መቆየቷ ሥራዋ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ያሳያል።

ቀለም ቀቢዎቹና ወፍጮው

ምልክቱ የሚደረገው በሦስት ዓይነት ኢንዛይሞች ቅብብል ነው። የመጀመሪያው ጉልበት ከፍሎ ዩቢክዊቲኗን ያዘጋጃል፣ ቀለሙን እንደሚበጠብጥ ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ተቀብሎ ይሸከማታል። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው፤ የትኛው ቤት እንደሚፈርስ የሚያውቀው እሱ ነው። ሰውነታችን ውስጥ የመጀመሪያው ዓይነት ኢንዛይም 2 ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው 40 ያህል፣ ሦስተኛው ግን ከ600 በላይ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሰፈር አለው። ምርጫው በጥንቃቄ እንዲሆን ነው ይህን ያህል የበዙት።

ለማፍረስ አንዲት ዩቢክዊቲን በአብዛኛው አትበቃም። አንዷ በሌላዋ ላይ እየተቀጠለች አራትና ከዚያ በላይ ሲደርሱ ሰንሰለቱ ‹‹ይፈርስ›› የሚል ትእዛዝ ይሆናል። አፍራሹ ፕሮቲያዞም የሚባል በርሜል መሳይ ወፍጮ ነው። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ እስከ 30,000 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ወፍጮዎች አሉ። በአፉ ላይ ያለው ክዳን ሰንሰለቱን ይለያል፣ ፕሮቲኑን ፈትቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በርሜሉ ውስጥ ፕሮቲኑ ከጥቂት አሚኖ አሲዶች ያልበለጠ ቁርጥራጭ ይሆናል። ዩቢክዊቲኗ ግን አትፈጭም። በር ላይ ተነቅላ ለሌላ ሥራ ትመለሳለች። ቁርጥራጩም ተፈትቶ ለአዲስ ፕሮቲን ይውላል። ባለሙያ እናት ከምግብ የተረፈውን እንደማትጥል ሁሉ ሕዋስም አይጥልም።

ይህ እውቀት መድኃኒትም ወልዷል። ቦርቴዞሚብ የሚባለው መድኃኒት የፕሮቲያዞሙን ወፍጮ በማነቅ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ መልቲፕል ማየሎማ ለተባለው የመቅኒ ካንሰር ተፈቀደ። የዚያ ካንሰር ሕዋሳት እጅግ ብዙ ፕሮቲን ስለሚያመርቱ፣ ወፍጮው ሲቆምባቸው በራሳቸው ቆሻሻ ታፍነው ይሞታሉ።

ዘበኛው

አሁን ወደ ዘበኛው እንምጣ። ስሙ ፒ53 ይባላል። ሥራው የሕዋሱን የዘር መዝገብ፣ ማለትም ዲኤንኤውን፣ መጠበቅ ነው። መዝገቡ ሲጎዳ ፒ53 ሕዋሱ እንዳይከፈል ያስቆመዋል፣ ጥገናም እንዲደረግ ያዝዛል። ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። የተበላሸ ሕዋስ እየተራባ ከሚሄድ አንዱ ቢሞት ይሻላል።

እንዲህ ያለ ኃይለኛ ዘበኛ ያለ ሥራ በግቢው ውስጥ ቢንጎራደድ ጤነኛውንም ያስቆማል። ስለዚህ ሕዋሱ ሰላም ሲሆን ፒ53 ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ በዩቢክዊቲን ምልክት ተደርጎበት ይፈርሳል። ችግር ሲፈጠር ምልክት ማድረጉ ይቆማል፣ ዘበኛው ይበዛል፣ ሥራውን ይጀምራል። እስኪ አስቡት፤ ጥበቃው የቆመው ማን መቼ ምልክት እንደሚያደርግ በሚወስነው ሥርዓት ላይ ነው።

ሌባው የሚገባበት ቀዳዳ ይኸው ነው።

ሌባው ቀለሙን ሲሰርቅ

ቫይረሱ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤችፒቪ ይባላል። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ዓይነቱ ብዙ ነው። ከመቶ 70 ያህሉን የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጡት ግን 16ኛውና 18ኛው ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን ሁለቱን ዓይነቶች በ1983 እና በ1984 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር አግኝተው፣ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ቫይረሱ ለመራባት ሕዋሱ መከፈሉን እንዳያቆም ይፈልጋል። ዘበኛው ግን ያስቆመዋል። ስለዚህ ቫይረሱ ኢ6 የተባለች ፕሮቲን ያመርታል። ኢ6 ዘበኛውን ራሷ አትገድለውም። የምታደርገው ከዚያ የረቀቀ ነው። ከሕዋሱ ምልክት አድራጊዎች መካከል በተለመደው ጊዜ ፒ53ን የማይነካ አንዱን ትይዝና ወደ ዘበኛው ትመራዋለች። እሱም ዘበኛውን ቀይ ይቀባዋል። ወፍጮው ምልክቱን አይቶ ያፈርሰዋል። አፍራሹ ተንኮል የለበትም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ኢ6 ፒ53ን በዩቢክዊቲን መንገድ እንደምታስፈርስ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ኢ7 የምትባለዋ የቫይረሱ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ሌላውን ጠባቂ ታሰናክላለች።

በብዙ ሌሎች ካንሰሮች ፒ53 የሚጠፋው የሱ መሥሪያ ንድፍ ራሱ ተበላሽቶ ነው። በማህፀን በር ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ንድፉ ጤነኛ ነው። ሕዋሱ ዘበኛውን ይሠራል፣ ኢ6 ታስፈርሳለች። እንደገና ይሠራል፣ እንደገና ታስፈርሳለች። ጥበቃ በሌለበት ሕዋስ ውስጥ ስህተት በስህተት ላይ ይከመራል።

ደግነቱ ይህ በአንድ ሌሊት አይሆንም። በኤችፒቪ ከሚያዙት ሴቶች አብዛኞቹ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በራሳቸው የመከላከል አቅም ያሸንፉታል። ቫይረሱ ሥር ሰድዶ በሚቆይባቸው ላይ ካንሰሩ እስኪመጣ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የመከላከል አቅማቸው በደከመ ሴቶች፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ ሕክምና ባላገኙት፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል። በ12 ዓመቷ የምናውቃት ልጅ ሠላሳዎቹን ስታጋምስ፣ ልጆቿ ገና ሳያድጉ፣ የሚመጣ በሽታ ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 660,000 ያህል ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፣ 350,000 ያህሉም ሞተዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

‹‹ሲስተር፣ ልጅቷ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው››

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቡና ላይ ስንቀመጥ የሰፈራችን ሰው ይጠይቀኛል። ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ሦስት ጥያቄዎች እዚህ ላስፍር።

‹‹ሲስተር፣ ልጅቷ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምን ያስቸኩላል?›› የሚያስቸኩለው ገና ልጅ መሆኗ ነው። ክትባቱ ሰውነት ቫይረሱን ሕዋስ ውስጥ ሳይገባ በደጅ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርት ያስተምራል። ኢ6 አንዴ ሕዋስ ውስጥ ገብታ ማስፈረስ ከጀመረች ክትባቱ አያስቆማትም። መቆለፊያ የሚገዛው ሌባ ሳይመጣ ነው። ልጅቷን ማስከተብ በጠባይዋ ላይ ጥርጣሬ መያዝ አይደለም፤ አድጋ፣ ተድራ፣ በራሷ ቤት በጤና እንድትኖር ማሰብ ነው።

‹‹ያመክናል ይላሉ፣ እውነት ነው?›› እውነት አይደለም። ይህን ወሬ በየአገሩ ሰምተው የመረመሩ አሉ፤ ክትባቱ መካንነት እንደሚያመጣ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ባዶ ቅርፊት ነው። የዘር መዝገቡ የለበትም፣ ኢ6 የለችበትም፣ መራባትም አይችልም። የክንድ ሕመም፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ አንዳንዴም ከመርፌው ፍርሃት የተነሳ ማዞር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ልጅቷ ቁርስ በልታ ትሂድ፣ ከተከተበች በኋላም 15 ደቂቃ ያህል ትቀመጥ። ማህፀንን የሚያሳጣው ክትባቱ ሳይሆን ካንሰሩ ነው።

‹‹ፈረንጆቹ ለልጆቻቸው ይሰጣሉ?›› አዎ፣ ውጤቱንም አይተዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ እንግሊዝ አገር በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባቱ በቀረበላቸው ልጆች ላይ የማህፀን በር ካንሰር ካልተከተቡት የቀድሞ እኩዮቻቸው በ87 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በ2024 ደግሞ ስኮትላንድ፣ በዚያው ዕድሜ ክትባቱን ካሟሉት ሴቶች መካከል አንድም የተሰራጨ የማህፀን በር ካንሰር እንዳላገኘች አስታውቃለች።

በኢትዮጵያ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ሴት ልጆች ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ልጆች ከአንድ በላይ ያስፈልጋል። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሰጥ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ጠይቁ። ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ፣ በቤት ሠራተኛነት የምትኖር ልጅም እንዳትረሳ። እሷም የሰው ልጅ ናት።

ለእናቶችና ለአያቶች

ቫይረሱ የሚፈልገው ጊዜ ለእኛም ጊዜ ይሰጠናል። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለው ለውጥ በምርመራ ይታያል። በጤና ተቋሞቻችን የተለመደው ምርመራ ቀላል ነው። ባለሙያዋ የማህፀን በሩን እንደ ኮምጣጤ ባለ ፈሳሽ ትቀባዋለች፣ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኘና ለዚህ ሕክምና የሚመች ከሆነ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ማስወገድ ይቻላል። ብዙ ጊዜም በዚያው ዕለት ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት 30 ዓመት የሞላት ሴት ሁሉ፣ ኤችአይቪ በደሟ ካለ ደግሞ ከ25 ዓመቷ ጀምሮ፣ እንድትመረመር ይመክራል። የተከተበችም ሴት ዕድሜዋ ሲደርስ ትመርመር፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች አይሸፍንምና።

ለአያቶች አንድ ነገር ልጨምር። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ካየሁት ሁሉ የሚቆጨኝ፣ የወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት ያለፋቸው እናቶች ደም ሲያዩ ‹‹ልጅነቴ ተመለሰ›› ብለው ስቀው ማለፋቸው፣ ወይም አፍረው መደበቃቸው ነው። ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ የወገብና የዳሌ ሕመም ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች ናቸው። ሁሉም ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ካንሰር አለመሆኑን የሚናገረው ግን ምርመራው እንጂ ጎረቤት አይደለም። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ሲባል የኖረው ለዚህ ነው።

አባቶችና ወንድ አያቶችም ‹‹የሴቶች ጉዳይ ነው›› ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። ቫይረሱን ወንዱም ይሸከመዋል፣ ያስተላልፈዋልም። በብዙ ቤት ደግሞ ልጅቷ ትከተብ ወይም አትከተብ የሚለው ቃል የሚወጣው ከእናንተ ነው።

እንግዲህ የክትባቱ ቀን ሲነገር ልጅቷን ጠርታችሁ ምን እንደምትከተብና ለምን እንደሆነ ንገሯት። ዘበኛውንና ሌባውን አጫውቷት፤ በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ ነገሩ በደንብ ይገባታል። የክትባት ካርዷንም ከልደት ሰርተፍኬቷ ጋር አስቀምጡላት።